የማኅበራዊ ሚዲያ ባለሙያዎች የትውውቅ ምሽቶች፦ የትኞቹ ጊዜ ይገባቸዋል?

የአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል አራት አምስት ሰው ይኖረዋል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹን የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ጽሑፉን ይጽፋል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ ቪዲዮውን ኤዲት ያደርጋል፣ ለኮሜንቱ መልስ ይሰጣል፣ ወር ሲያልቅ ሪፖርቱን ይሠራል። የገጹ ሪች (ይዘቱ የሚደርሳቸው ሰዎች ብዛት) በአንድ ሳምንት በግማሽ ሲወርድ «እናንተስ ጋ እንዲህ ሆኗል?» ብሎ የሚጠይቀው የሙያ ባልደረባ በዚያ ቢሮ የለም። የሙያ መገናኛዎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ የምንመዝናቸውም በዚሁ ነው። አዳራሹ ስንት ሰው ያዘ፣ ተናጋሪው ስንት ተከታይ አለው፣ ፎቶው እንዴት አማረ የሚለውን ወደ ጎን እንተወው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማስታወቂያ አካውንታችሁ ድንገት ቢዘጋ ደውላችሁ የምትጠይቋቸው ስንት አዲስ ሰዎች አገኛችሁ? ሁለት ከሆኑ ምሽቱ ተሳክቷል። አንድም ከሌለ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢጥም ቀረጻውን ቤት ሆኖ ማየት ይሻል ነበር።

መሰባሰቡ ከሙያው እኩል ያደገ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎች በአካል የሚገናኙባቸውን ቡድኖች የሚያስተናግደው ድረ ገጽ ሚትአፕ በ2002 ኒውዮርክ ላይ ተጀመረ፤ ሶሻል ሚዲያ ክለብ በ2006 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጠዋት ጠዋት የሚገናኘው ሶሻል ሚዲያ ብሬክፋስት ደግሞ በ2007 ቦስተን ላይ ተመሠረቱ። የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች በአካል የሚተዋወቁበት ሊንክድኢን ሎካል በ2017 ከአንዲት የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተነስቶ በበጎ ፈቃደኞች እጅ በብዙ አገሮች ተዛመተ። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ አካሄዱ ያው ጥቂት ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ግምገማችን በስም ሳይሆን በዓይነት ነው።

ከሁሉም የሚበዛው «ኑ፣ ተዋወቁ፣ ተጫወቱ» የሚለው ክፍት ምሽት ነው። ለአዘጋጁ ቀላል ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ ፖስተር ይለጥፋል፣ በቃ። ለታዳሚው ግን ከሁሉም ከባዱ ይኸው ነው። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የሥራ ሰዎች ምሽት ላይ ማን ከማን ጋር እንደቆመ የሚመዘግብ መለያ ለእንግዶቹ አስለብሰው ነበር። እንግዶቹ አስቀድመው ሲጠየቁ የሚመጡት አዲስ ሰው ለመተዋወቅ ነው ብለዋል። ምሽቱ ሲመጣ ግን ጊዜያቸውን ያበዙት ከሚያውቁት ሰው ጋር ነው። ከሁሉም በላይ አዲስ ሰው በማግኘት የተሳካለት መጠጥ ቀጂው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እሱ የሚቆምበት ቦታና የሚሠራው ሥራ ነበረው፤ ሰው ወደ እሱ የሚመጣበት ምክንያትም ነበረው። ስለዚህ ማንንም በማታውቁበት ክፍት ምሽት ላይ ለመገኘት ከወሰናችሁ፣ ቀደም ብላችሁ ለአዘጋጁ ጻፉለትና መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ለግማሽ ሰዓት ልርዳ በሉ። የሚገባው ሰው ሁሉ ስሙን ይነግራችኋል፤ በኋላም አዳራሹ ውስጥ ሲያያችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ነው።

የክፍት ምሽት ሌላው ጠላት ድምፅ ነው። ሰው ዙሪያው ሲጮህ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ በ1911 ጽፎታል፤ ስሙም በእሱ ይጠራል። ምንጣፍና መጋረጃ በሌለው፣ ግድግዳው መስታወት በሆነ አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃ ሲከፈት ስልሳው ሰው እርስ በርሱ ድምፅ እያስጨመረ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጉሮሮ ይደርቃል፤ ስም ሁለት ጊዜ የሚጠየቅ፣ ሦስተኛ ጊዜ ግን የሚያሳፍር ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ በክንድ ርቀት ከቆመ ሰው ጋር ድምፅ ሳታነሱ መነጋገር ካልቻላችሁ ቦታው ለትውውቅ አልተመረጠም። አዘጋጅ ከሆናችሁ ሙዚቃውን ዝጉት። ሰው የሌለበት አዳራሽ ዝም ሲል ያስፈራል ብላችሁ ከከፈታችሁትም አሥረኛው ሰው ሲገባ ዝጉት።

አቋቋምም ትልቅ ነገር ነው። ተመራማሪው ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ1995 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ቆመው ሲያወሩ ወጉ አራት ሰው አካባቢ ይወሰናል፤ አምስተኛው ሲጨመር ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ስምንት ሰው በክብ ቆሞ ካያችሁ አንዱ እየተናገረ ሰባቱ እያዳመጠ ነው ማለት ነው፤ እዚያ አትግቡ። ሦስት ሰው የቆመበትን ፈልጉ። በፕሮግራመሮች ስብሰባዎች ከኤሪክ ሆልሸር የመጣው የፓክማን ደንብም ለዚህ ይረዳል፦ ክቡን አትዝጉ፣ አፉን እንደከፈተው የጨዋታው ፓክማን ለአንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ተዉ። አዘጋጁ ይህን በመክፈቻው ላይ በሃያ ሰከንድ ቢናገር ብቻውን የመጣ ሰው ምሽቱን ሙሉ ስልኩን እያየ አያመሽም። ክፍት ምሽት፣ ያለ ምንም ማስተካከያ፣ ከአምስት ሁለት ነጥብ ይገባዋል። አስቀድመው ለሚተዋወቁ ሰዎች ግን ጥሩ መገናኛ ነው።

የፓናል ውይይቱን እንይ። ፖስተሩ ላይ አራት ፊት ይታያል፤ ሰዓቱ 45 ደቂቃ ነው። ስሌቱን እንሥራው። አወያዩ ሲከፍት 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ አራቱ ራሳቸውን በሁለት በሁለት ደቂቃ ሲያስተዋውቁ 8 ደቂቃ ይሄዳል፤ ለታዳሚው ጥያቄ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። የቀረው 24 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ። ሦስት ጥያቄ ከተጠየቁ አንዱን መልስ በሁለት ደቂቃ መጨረስ አለባቸው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ወጥነት ወሳኝ ነው»፣ «ታዳሚህን እወቅ» ከማለት በላይ መሄድ አይቻልም። ይህን በመስማት ያተረፈ የገጽ ባለቤት የለም፤ ችግሩም የተናጋሪዎቹ አይደለም፣ የሰዓቱ ነው።

የሚሻለው አንድ ሰው አንድን ሥራ ከነቁጥሩ የሚያቀርብበት ነው፦ ለማስታወቂያው ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው ደረሰ፣ ስንቱ መልእክት ላከ፣ ስንቱ ገዛ፣ የትኛው ቪዲዮ ምንም ሳያመጣ ቀረ። ተናጋሪዎቹ ከበዙ አጭር አቀራረብ ይመረጥ። በ2003 ቶኪዮ የተጀመረው ፔቻ ኩቻ 20 ስላይድ እያንዳንዱን በ20 ሰከንድ ያስኬዳል፤ በድምሩ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። በ2006 ሲያትል የተጀመረው ኢግናይት 20 ስላይድ በ15 ሰከንድ ነው፤ ልክ 5 ደቂቃ። ስላይዱ በራሱ ስለሚያልፍ ተናጋሪው የግድ ይዘጋጃል። የሚበላሸው ስላይዱ ላይ የዳሽቦርድ (የገጹን ቁጥሮች የሚያሳየው ሰሌዳ) ስክሪንሾት ሲለጠፍ ነው፤ አሥራ አምስት ሰከንድ ሠንጠረዥ ለማንበብ አይበቃም። አንድ ስላይድ፣ አንድ ቁጥር።

የፍጥነት ትውውቅ የሚባለውም አለ። ሁለት ረድፍ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ በየ4 ደቂቃው ደወል ይደወላል፤ አንዱ ረድፍ በአንድ ወንበር ይሸጋገራል። ስድስት ዙር 24 ደቂቃ ነው፤ ለመሸጋገሪያ ግማሽ ግማሽ ደቂቃ ሲጨመር 27 አካባቢ። ከስድስት በላይ አታስኪዱት፤ በሰባተኛው ዙር ሰው የመጀመሪያውን ስም ረስቷል። ያቺ ግማሽ ደቂቃ ለመነሳት ብቻ አይደለችም፤ የሰውየውን ስምና አንድ ነገር ለመጻፍም ናት፤ አዘጋጁ «አሁን ጻፉ» ብሎ ቢናገር ደግ ነው። ጥያቄ ካልተሰጠ ስድስቱም ዙር «የት ነው የምትሠሩት?» ሆኖ ያልቃል። «በዚህ ወር ያስቸገራችሁ አንድ ነገር ምንድን ነው?» የሚል ካርድ በየወንበሩ ቢቀመጥ ወሬው ወዲያው ወደ ሥራ ይገባል። የሰው ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ አዘጋጁ ይግባ፤ አንድ ሰው ባዶ ወንበር ፊት ለፊት እንዳይቀር። 3 እንሰጠዋለን፤ ከክፍት ምሽት በፊት ቢደረግ 4 ይሆናል።

ከሁሉም አብልጠን የምንመክረው የጠረጴዛ ክሊኒክ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ሦስቱ ከሥራቸው አንድ አንድ ችግር ይዘው ይመጣሉ፤ ለአንድ ችግር 12 ደቂቃ ይሰጣል። 3 ደቂቃ ባለጉዳዩ ያስረዳል፤ 2 ደቂቃ ሌሎቹ ለመረዳት ብቻ ይጠይቃሉ፤ 5 ደቂቃ አምስቱ በየተራ አንድ አንድ ደቂቃ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ 1 ደቂቃ ክፍት ነው፤ በመጨረሻዋ 1 ደቂቃ ባለጉዳዩ «ነገ የማደርገው ይህን ነው» ይላል። በየተራ መሆኑ ለወግ አይደለም። ተራ ከሌለ አሥር ዓመት የሠራው ሰው ስድስቱንም ደቂቃ ይወስድና ባለፈው ወር ሥራ የጀመረችው ልጅ ያየችው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ሰዓት ያዡ ከባለጉዳዮቹ ውጭ ይሁን፤ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አድርጎ ሁሉም እንዲያየው ይቁጠር።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ እንይ። አንድ ባለሙያ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ያመጣል፤ «ሰው አይጨርስልኝም» ይላል። የተመልካቹን ቆይታ የሚያሳየውን መስመር ሲከፍተው ሦስተኛው ሰከንድ ላይ እንደ ገደል ወርዶ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ያየው ውድቀቱን ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ግን ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ያስጀምርና ሦስቱ ሰከንድ የሚሽከረከር ሎጎ መሆኑን ያያል። ሎጎውን በየቀኑ የሚያይ ሰው ሎጎው አይታየውም። መስመሩ ከዚያ በኋላ አለመውረዱ ደግሞ ይዘቱ ደህና መሆኑን ይናገራል፤ ሎጎውን ያለፈ ሰው እስከ መጨረሻው ቆይቷል። የሚሰጠው ምክር እንግዲህ አንድ ብቻ ነው፦ ሎጎውን ወደ መጨረሻ ውሰደው፣ ሌላውን አትንካ። ሙዚቃውንም፣ ጽሑፉንም፣ የሚለጠፍበትንም ሰዓት አብሮ ከቀየረ ቁጥሩ ሲሻሻል በምን እንደተሻሻለ አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወርም ለጠረጴዛው የሚነግረው ነገር አይኖረውም።

ክሊኒኩን የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በአንድ ስልክ ስክሪን ላይ ስድስት ሰው አያይም፤ ላፕቶፕ ወይም የታተመ ወረቀት ያስፈልጋል። ቁጥሩ የተለያየ ጊዜ ከሆነ ማወዳደር አይቻልም፤ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ሲከፈት የ28 ቀን ያሳያል፣ ሌላው ደግሞ የወሩን ይዞ ይመጣል። ጥሪው ላይ «ሁላችሁም የ28 ቀን ቁጥር ይዛችሁ ኑ» ተብሎ ይጻፍ። «ዕይታ» የሚለውም ቃል በየመድረኩ አንድ አይደለም። ኢንስታግራም በ2024 ዕይታን ለሁሉም ዓይነት ይዘት ዋና መለኪያ አድርጎታል፤ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲያይም ይቆጠራል። ዩቲዩብ ሾርትስ ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ ቪዲዮው መጫወት ከጀመረ ሳይቆይ ይቆጥራል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን ሾርትስ ከዚያ በኋላ ካለው ጋር አጋጥሞ «አደግን» የሚል ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ቢመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቀኑ ነው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖሩ ብቻውን መምጣትን ያዋጣል።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ ጀማሪና ነባር በእኩል ካልታሰበላቸው ነባሮቹ በሦስተኛው ወር ይጠፋሉ። ሁልጊዜ ሰጪ ሆነው፣ ራሳቸው የሚጠይቁት ሰው አጥተው ይደክማሉ። ከአምስቱ ጠረጴዛ አንዱ ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች ብቻ ይሁን፤ የቡድን አመራር፣ የኮንትራት ዋጋ፣ የክሊያንት መልቀቅ የሚወራበት። በቀሪዎቹ አራቱ ላይ ሁሉም ይቀላቀል። በቁጥር ደረጃ ከ24 እስከ 36 ሰው የሚበቃ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ጠረጴዛ ማለት ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንድ አዘጋጅ ሰዓት መጠበቅ አይችልም። ለዚህ ዓይነት ምሽት 5 ነጥብ እንሰጣለን፤ ሰዓቱ ካልተጠበቀ ግን ወደ 3 ይወርዳል።

ርዕሱን ታዳሚው እዚያው የሚያወጣበት፣ ሃሪሰን ኦወን በ1985 የጀመረው የኦፕን ስፔስ ዓይነት ስብሰባም አለ። «የሁለት እግር ሕጉ» የሚማርክ ነው፦ የማትማርበትና የማትጠቅምበት ቦታ ከሆንክ እግርህ ወደ ሌላው ይውሰድህ። ግማሽ ቀን ላለው ቡድን ግሩም ነው፤ ለሁለት ሰዓት ምሽት ግን ርዕስ መለጠፉ ብቻ ግማሹን ስለሚበላ አይሆንም።

ከመሄዳችሁ በፊት ጥሪውን ማንበብ ብዙ ይነግራችኋል። የተናጋሪ ፎቶ ብቻ ያለበት ጥሪ የፓናል ምሽት ነው። «ከ12 ሰዓት ጀምሮ» ብቻ የሚል ከሆነ ክፍት ምሽት ነው፤ ዋናው ነገርም ዘግይቶ ይጀመራል። ጥሩ ጥሪ ደቂቃ በደቂቃ ይጽፋል፦ 20 ደቂቃ መግቢያ፣ 5 መክፈቻ፣ 15 አንድ አቀራረብ፣ 40 ጠረጴዛ፣ 30 ነፃ ወሬ፣ ከዚያም የሚያልቅበት ሰዓት። የሚያልቅበት ሰዓት መጻፉ ልጅ ያለውና ሩቅ የሚሄድ ሰው እንዲመጣ ያደርጋል። ለማን እንደሆነ መናገሩም ይጠቅማል፤ የኤጀንሲ ሠራተኛ፣ ፍሪላንሰርና የድርጅት ሠራተኛ ችግራቸው ለየቅል ነው። ስንት ቦታ እንዳለ ከተጻፈ አዘጋጁ ስለ ክፍሉ አስቧል ማለት ነው።

ስለ ስም መለያ ማንም አይጽፍም፤ እኛ ግን ከተናጋሪው ምርጫ አስበልጠን እናየዋለን። የተለመደው መለያ ድርጅቱን በትልቁ፣ ስሙን በትንሹ ያትማል፤ ከዚያ በረጅም ማንጠልጠያ ሆድ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሰው ስም ለማንበብ ሆድ ማየት ያፍራል፤ ማንጠልጠያውም ይገለበጥና ጀርባው ይቀራል። የሚሻለው በደረት ቀኝ በኩል የሚለጠፍ ስቲከር ነው፤ ቀኝ እጅ ለሰላምታ ሲዘረጋ ዓይንም በዚያው መስመር ይወጣል። ስሙ በወፍራም ማርከር፣ ሁለት ሜትር ርቆ በሚነበብ መጠን ይጻፍ። ከስሙ ሥር አንድ መስመር ይበቃል፦ «ስለዚህ ጠይቁኝ»። ማስታወቂያ፣ ስክሪፕት፣ የተጠለፈ አካውንት ማስመለስ፤ አንዱን። ይህች መስመር ዓይን አፋሩን ሰው ከግማሽ ጭንቀቱ ታድነዋለች፤ ወሬ መጀመሪያው ደረቱ ላይ ተጽፎለታልና። ማንጠልጠያ ግድ ከሆነ በሁለቱም ፊት ይታተም፣ ያጥርም።

የዚህ ሙያ ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው፤ ያየውን ሁሉ ይለጥፋል። ጠረጴዛ ላይ የክሊያንቱን በጀት የተናገረ ሰው ንግግሩን ስቶሪ ላይ ካገኘው ሁለተኛ አይመጣም፤ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። የለንደኑ የጥናት ተቋም ቻተም ሃውስ በ1927 ያወጣው ደንብ እዚህ ልክ ይገባል፦ የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ ማን እንዳለውና ከየትኛው ድርጅት እንደሆነ ግን አትናገር። ደንቡ በመክፈቻው ላይ ይነገር፤ የክሊያንት ስምና ሎጎ ከስክሪንሾቱ ላይ ተሸፍኖ ይምጣ። ፎቶ መነሳት ለማይፈልግ ሰው የተለየ ቀለም ያለው ስቲከር ይሰጠው፤ ፎቶ አንሺውም ቀለሙን አስቀድሞ ይወቅ። ጠረጴዛዎቹ ሲሠሩ ላይቭ ማስተላለፍ ጨርሶ መቅረት አለበት። ካሜራ ሲበራ ሰው ያልተሳካለትን አይናገርም፤ የምንመጣው ግን ያልተሳካውን ለመስማት ነው።

የሚያስቀይመው ሌላው ነገር ሻጭ ነው። መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን እጅ ጨብጦ ስም ሳይጠይቅ ልጥፎችን በቀጠሮ የሚያወጣ ሶፍትዌሩን ማስረዳት የሚጀምር ሰው ሦስት ሰው ከበር ያስወጣል። መፍትሔው ቦታ መስጠት ነው፦ «እፈልጋለሁ» እና «እሰጣለሁ» የሚሉ ሁለት ሰሌዳዎች ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ሥራ ፈላጊው፣ ቀጣሪው፣ ሻጩም ይለጥፉ፤ የፈለገ ሰው ሄዶ ያነባል። ስፖንሰር ካለ 3 ደቂቃ ይሰጠው፣ ያም በመጀመሪያ ይሁን። በመሐል ወይም በመጨረሻ ሲሆን ሰው ለመውጣት ይጠቀምበታል።

ምዝገባ ላይ አዘጋጆች ይሳሳታሉ። ፌስቡክ ላይ «ፍላጎት አለኝ» ያለ ሰው ቁጥር ውስጥ አይገባም። ነፃ ዝግጅት ላይ ከተመዘገበው ግማሹ ቢቀርም አያስደነግጥ፤ ሰው የከፈለው ነገር የለም፣ መቅረቱንም የሚያውቅበት የለም። ከሦስት ቀን በፊትና በዕለቱ ጠዋት ማስታወሻ ይላክ፤ ማስታወሻው ውስጥ በአንድ ንክኪ «አልመጣም» የሚባልበት ይኑር። ብዙ አዘጋጅ ይህን ይፈራዋል፤ ነገር ግን የሚቀር ሰው ጠዋት ካሳወቀ ተጠባባቂው ማታ ይደርሳል፤ ስድስት ሰው የታሰበበት ጠረጴዛም በሦስት ሰው አይቀርም።

ከምሽቱ በኋላ ያሉት 48 ሰዓታት ከምሽቱ ይበልጣሉ። ሶሺዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እንዳሳየው የሥራ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን ከሩቅ ትውውቅ ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለንና። በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውና 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን የተመለከተ ጥናት ደግሞ ይህን አጥርቶታል፦ ሥራ ለመቀየር ከሁሉ የሚረዳው እጅግ የራቀው ሳይሆን በመጠኑ የላላው ትውውቅ ነው። ስለዚህ ከሠላሳው ሰው ጋር ወዳጅ ለመሆን አትድከሙ፤ ሦስቱ እንዳይረሷችሁ አድርጉ። ሊንክድኢን በነፃ አካውንት ማስታወሻ የታከለበት ግብዣ በወር በቁጥር ይወስናል፤ ማስታወሻውን ለእነዚያ ሦስቱ አስቀምጡት። የሚሠራ መልእክት እንዲህ ያለ ነው፦ «ሰላም፣ ማክሰኞ ማታ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አብረን ነበርን። ያልኩዎት የሪፖርት ቅጽ ይኸው። የማስታወቂያ አካውንቱ ጉዳይ ሲፈታ እንዴት እንደተፈታ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።» የት እንደተገናኛችሁ አለ፣ የተገባው ቃል ተፈጽሟል፣ ለመመለስ የሚቀል ጥያቄም ተጠይቋል። «በመገናኘታችን ደስ ብሎኛል» ብቻ ከሆነ የሚመለሰው አውራ ጣት ነው።

የቡድኑን ቻት በተመለከተ፣ ዋትስአፕ ግሩፕ እስከ 1,024 ሰው ይይዛል፤ ግን የአባላቱን ስልክ ቁጥር ለሁሉም ያሳያል። ይህ በተለይ ለሴት ባለሙያዎች ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዝግጅቱ ማግስት በማያውቁት ሰው መልእክት የተነሳ ከግሩፕ የሚወጡት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ቴሌግራም ቁጥርን መደበቅ ስለሚፈቅድ ለዚህ ይሻላል፤ ቅንብሩን ግን አባሉ ራሱ መለወጥ ስላለበት በምሽቱ ላይ አብሮ ይሠራ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በግሩፑ ውስጥ ማስታወቂያ ለብቻው ክፍል (ቶፒክ)፣ የሥራ ጥያቄም ለብቻው ክፍል ይኑረው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማስታወቂያው ጥያቄውን ይሸፍነዋል፤ ጠያቂ ሲጠፋ መላሽም ይጠፋል።

ሚትአፕ ላይ የተከፈተ ቡድን ክፍያውን የሚሸከመው አዘጋጁ ነው፤ እሱ ሲተው ሌላ ሰው ካልተረከበ ቡድኑ ይዘጋል። በቴሌግራምም፣ በፌስቡክም ብቸኛው አድሚን ከተማ ሲቀይር ወይም አካውንቱ ሲጠለፍ የሦስት ዓመት ትውውቅ አብሮት ይሄዳል። ለክሊያንቶቻችን ሁልጊዜ የምንነግራቸው ነው፦ ሁለት አድሚን፣ በሁለቱም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር ከመድረኩ ውጭ በሌላ ቦታ። የመጀመሪያው ጥሪ ከመለጠፉ በፊት ይህ ይሠራ።